ሰባት ዓመት የጎደለች ድምፅ

ሂስከ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳችና እንደገና ጫነችው። ምንም የለም። በኦርጋኑ ዋና የቧንቧ ረድፍ መሐል ያለችው «ሬ» ጭጭ ብላለች። ግራና ቀኟ ያሉት ድምፆች ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ የሷ ቦታ ግን የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው አፍ ባዶ ነው።

«ጋሽ ቤረንድ!» ብላ ኦርጋኑ ካለበት የቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ ወደ ታች ተጣራች። «ይቺ ሬ ምን ነካት?»

ደወል ደዋዩ ቤረንድ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ ወደ ላይ አንጋጠጠ። «እሷማ ከሞተች ቆየች እኮ! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም። ኦርጋን ሠሪ ለማስመጣት የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሰባት ዓመት ሲሰበሰብ፣ ሰባት ዓመት በይደር ተለያየ። አሁንማ ለምደነዋል። ስንዘምር እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ትንፋሽ እንወስዳለን። አዲሱ ቄስ መጀመሪያ ቀን ሲሰማን መንደሩ በሙሉ አስም የያዘው መስሎት ደንግጦ ነበር።»

ሂስከ ሳትወድ ሳቀች። ጠዋት ከባቡር ከወረደች ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

የባሕር ግድብ ሠራተኛው የሃርም ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሀያ ዘጠኝ ነው። ዛሬ ሂስከ ሃርምስ የሚለው ስም በሐምቡርግና በቪየና በትልልቅ አዳራሾች በር ላይ ይለጠፋል። እዚያ ለመድረስ ግን እሳት በሌለበት ቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ የጣቱ ጫፍ በተቆረጠ ጓንት ስንት ክረምት ተለማምዳለች። ለእንጀራዋ ስትል በማታውቃቸው ሰዎች ቀብር ላይ ተጫውታለች። ታላቁን ውድድር ያሸነፈች ዕለት ዳኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚያዳምጡት፤ ዞር ሲሉ ቀጭን ልጃገረድ ቆማ ቢያዩ አንደኛው «ተጫዋቹ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ሁሉ ስትወጣ አንድም ቀን ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ዌስተርዉም አልተመለሰችም። ዛሬ የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውታ፣ የልቧን በር ለመጨረሻ ጊዜ ዘግታ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ለመመለስ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው መኪናም ሽቦውን በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አጥር ላይ ዘርግቶ ቆሟል። የዛሬው እሑድ ዝግጅት ከቀኑ በስምንት ሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል።

ችግሩ ረዳቷ ነበር። የዌስተርዉም ኦርጋን የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ግትር ነገር ነው። የቧንቧ ረድፎቹን የሚከፍቱት የብረት መሳቢያ እጀታዎች ከተጫዋቹ ክንድ ርቀው በሁለቱም ጎን ስለተተከሉ ሌላ ሰው ቆሞ ካልሳበላት መጫወት አይቻልም። ከሐምቡርግ አብሯት ሊመጣ የነበረው ረዳት ትኩሳት ይዞት ቀርቷል። ቄሱ ግን «ግድ የለሽም፣ መሳቢያዎቹን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ» ብለዋት ነበር።

የሰገነቱ ደረጃ ሲንቋቋ ሰማች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው መርገጫ ላይ ድምፅ አልነበረም። ያንን የሚያቃስት መርገጫ ዘልሎ የሚያልፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ሳትዞር ማን እንደሆነ አወቀች።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሪት ሃርምስ» አለ የባለ እርሻው ልጅ ፎልከርት ኦንከን።

«ደህና ነኝ፣ አቶ ኦንከን። ላሞቹ ፈቀዱልዎት?»

«ላሞች ከሰው ይሻላሉ። ጠብቁኝ ሲሏቸው ይጠብቃሉ።»

ሂስከ ቀና ብላ አየችው። ሰባት ዓመት ትከሻውን አስፍቶታል፤ ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው፣ ዝናብ ሊጥል ሲል የባሕሩን መልክ የመሰሉ። ምን ማለቱ ነው? ጠባቂዋማ እሷ አልነበረችም እንዴ? «ከሁለተኛው ዜማ እንጀምር» አለች ፊቷን ወደ ቁልፎቹ መልሳ።

የፎልከርት ሟች አባት የመንደሩ ትልቁ ባለ እርሻ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ የፊት ረድፍ ላይ የተቀረጸ መዝጊያ ያለው የራሳቸው መቀመጫ አላቸው፤ በዚያ መዝጊያ የሚገባው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። የግድብ ሠራተኞች ከኋላ፣ ከሰገነቱ ሥር፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከሰገነቱ ላይ ግን ፊትም ኋላም የለም። ሂስከ ትጫወት፣ ፎልከርት መሳቢያ ይስብላት ነበር። የሚጻጻፉትም እዚያው ነው። ከፊት ከተደረደሩት ቧንቧዎች አንዷ ለውበት ብቻ የቆመች፣ ንፋስ የማይደርሳት ድዳ ናት። ደብዳቤያቸውን በጀርባዋ ቀዳዳ ይከቱ ነበር።

ነገሩን እናቱ ሰማች። ወይዘሮ ኦንከን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሂስከን ሻይ ጠራቻት፤ ሳሎን ሳይሆን ወጥ ቤት። በዌስተርዉም ሻይን የሚያቆመው ማንኪያ ነው። እንግዳው ማንኪያውን ስኒው ውስጥ እስካልከተተ ድረስ ባለቤቲቱ ትቀዳለች፤ ሦስት ስኒ መጠጣት ወግ ነው። ወይዘሮ ኦንከን ለሂስከ ያቀረበችላት የመጀመሪያው ስኒ ግን ማንኪያው ገና ከመነሻው ውስጡ ቆሞበት ነበር። ሳትቀምሺው በቃሽ ማለት ነው። ከዚያ የባሰ ስድብ በዚያ አገር የለም።

ሂስከ የስቅለት ዕለት ጻፈች። «ለትምህርት ሐምቡርግ ተቀብለውኛል። አብረኸኝ የምትሄድ ከሆነ እስከ ፋሲካ መልስ ስጠኝ። ቃል ካላገኘሁ የእናትህ ልጅ መሆንህን አውቃለሁ፤ ሰኞ ማለዳ ብቻዬን እሄዳለሁ።» የፋሲካ ጸሎት እንዳበቃ እጇን በድዳዋ ቧንቧ ቀዳዳ አስገብታ ዳበሰች። አቧራ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ሄደች። ያን አቧራ ሰባት ዓመት ከእጇ ላይ ማጠብ አቅቷት ኖረች።

ልምምዱን ጨረሱ። የሚገርመው እጃቸው ቂም የማያውቅ መሆኑ ነው። ሂስከ ትልቁን መሳቢያ ከመፈለጓ በፊት የግራ ትከሻዋን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች፤ ራሷ እንኳ አታውቀውም። ፎልከርት ግን ያንን አይቶ ነው የሚስበው፤ አንዴም አልሳተም።

«የመጨረሻው ዜማ በዋናው ረድፍ ብቻ ነው የሚያልቀው» አለች ወረቀቷን እያየች። «ምእመናኑ ተነሥተው አብረውኝ ይዘምራሉ። ያቺ ሬ ከሌለች አይሆንም።»

«ዜማውን ይቀይሩታ። መቀየር አይከብድዎትም።»

«ቃል ማጠፍ ከሚቀናው ሰው ምክር አልፈልግም!»

ፎልከርት ከታች የሬዲዮው ሰዎች የሚረዳቸው ሰው ሲጣሩ ሰምቶ ወረደ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሂስከም በዚህ ሆዷ እንዴት ልትጫወት እንደምትችል እንጃላት።

ሬዋን ልትፈልግ መብራት ይዛ የኦርጋኑን የጎን በር ከፍታ ገባች። ቤረንድም ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ከሦስተኛው እንጨት በስተቀኝ ያለችው ናት» አለ። «እንዴት እንደዘጋኋት ረሳሽው እንዴ? የዚያን ፋሲካ ዕለት፣ ጸሎቱ መሐል፣ የዝናቡ እርጥበት እንጨቷን አሳብጦት ኖሮ፣ ማንም ሳይነካት በራሷ መጮኽ ጀመረች። ኡኡ! ቄሱ ስብከቱን አቆመ፣ ውሾች ከውጭ መለሱላት። አንቺ ነሽ ከወንበርሽ ላይ ሆነሽ ‹ጋሽ ቤረንድ፣ የሆነ ነገር ወትፍባት!› ያልሽኝ። ጨርቅ የለ፣ ምን የለ። እጄን ስሰድ ከዚያች ድዳ ቧንቧ ጀርባ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። መዝሙር የተገለበጠበት መስሎኝ አፏ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ጸጥ አለች! ደግ አላደረግኩም?»

ሂስከ መብራቱን አስጠግታ እጇን ሰደደች። ከሬዋ አፍ ውስጥ በሁለት ጣቷ ጎትታ ያወጣችው ወረቀት በአቧራ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተጨማዷል። ጽሑፉን ግን በጨለማም ብትሆን ታውቀዋለች።

«ሂስከዬ፣ ሰኞ አትሂጂ። አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ። ሰኞን ለአባቴ ፊት ለፊት ልንገረው፤ እንደ ሌባ በጓሮ መውጣት አልፈልግም። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓቱ ባቡር አብረን እንሄዳለን፤ ኤምደን ጣቢያ ጠብቂኝ። እርሻውን እህቴ ታስተዳድረው፣ ከእኔ ትሻላለች። አንቺ በምትጫወቺበት ሁሉ ቆሜ መሳቢያሽን እስባለሁ። ሌላ ሙያ አልመኝም። ያንቺው ፎልከርት።»

እዚያው ከቧንቧዎቹ መሐል ቁጢጥ አለች። ሳቅም መጣባት፣ እንባም መጣባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም። ሰባት ዓመት ሙሉ የረገመችው ሰው «ጠብቂኝ» ብሏት ነበር። ያንን ቃል አፉን ያስያዘችው ደግሞ ራሷ ናት፤ በገዛ አንደበቷ፣ ወትፍባት ብላ።

«ልጄ፣ ምነው? ነከሰችሽ እንዴ?» አለ ቤረንድ።

«ጋሽ ቤረንድ፣ ደወሉን ይደውሉ» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ሰዓቱ ደርሷል።»

ኦርጋን ተጫዋች ጀርባዋን ለሕዝብ ሰጥታ ስለምትቀመጥ ከፊቷ ትንሽ መስታወት ይሰቀላል። በዚያ መስታወት ሰዉ ሲገባ አየች። ወይዘሮ ኦንከን ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ዱላዋን ይዛ፣ የፊቱን መዝጊያ ከፍታ ብቻዋን ተቀመጠች፤ መዝጊያው ቀጭ ሲል እስከ ሰገነቱ ተሰማ። አባቷን ማየት አልቻለችም። እሱ ከእግሯ ሥር፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ነው።

ፎልከርት እየሮጠ ደረሰ። ሂስከ «ፎልከርት…» ስትል ግድግዳው ላይ የሬዲዮው ቀይ መብራት በራ። ከዚህ በኋላ የሚወጣ ቃል ሁሉ በሬዲዮ አገር ይሰማዋል። አፏን ዘጋች፤ ደብዳቤውን ዘረጋጋችና ከሙዚቃው ወረቀት ጎን ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ አኖረችው። ከዚያ መጫወት ጀመረች።

ፎልከርት ገጽ ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ ደብዳቤውን አየው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሂስከ የግራ ትከሻዋን ከፍ አደረገች፤ መሳቢያው ለአንድ አፍታ ዘገየ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በሁለት እጁ ሳበው፤ ኦርጋኑም ደረቱን ነፍቶ አገሳ።

የመጀመሪያው ዜማ አልቆ ሰው ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ ሂስከ ምልክት የምታደርግበትን እርሳስ አንስታ ከደብዳቤው ግርጌ ጻፈች። «ዛሬ አገኘሁት። ሬዋ አፍ ውስጥ ነበር።»

ፎልከርት አነበበ። ፊቱ ነጣ፣ ቀላ። እርሳሱን ከእጇ ወሰደ። «ሻንጣዬን ይዤ ሦስት ባቡር አሳልፌ ጠበቅኩሽ። አንብበሽ የናቅሽኝ መሰለኝ።»

ሁለተኛው ዜማ ከሁሉ የሚከብደው ነበር። እግሮቿ በመርገጫዎቹ ላይ ሮጡ፣ አሥሩም ጣቶቿ በየፊናቸው ተናገሩ። ተቺዎች በኋላ የዚያን ቀን አጨዋወቷን «ገደብ ያጣ» ብለው ጻፉ፤ እውነታቸውን ነው። ሲያልቅ በችኮላ ጻፈች፤ ፊደሉ ተጣመመ። «እኔ የፋሲካ ዕለት ባዶ ቧንቧ ዳበስኩ። ያልፈለግከኝ መሰለኝ።»

ፎልከርት አጎነበሰ። አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀች፤ የሱ ትሁን የሷ አልታወቀም። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ። «አሁንስ?»

ሂስከ እርሳሱን አልወሰደችም። የመጨረሻውን ዜማ ጀመረች።

የዌስተርዉም የፋሲካ መዝሙር ነው። መጀመሪያ በደካማ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው፤ ከዚያ እያየለ፣ እየተጠማዘዘ፣ መላው ሕንጻ እስኪነዝር ድረስ ሄደ። በመጨረሻም ፎልከርት መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ መለሳቸውና ዋናው ረድፍ ብቻውን ቀረ። ሕዝቡ ተነሣ። ገበሬው ከፊት፣ ግድብ ሠራተኛው ከኋላ ሆኖ ይዘምር ጀመር። ያቺ ቦታ ደረሰች። ሰባት ዓመት እንደለመዱት ሁሉም እኩል ዝም ብለው ትንፋሽ ሳቡ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሬዋ ብቻዋን ጮኸች።

ጥርት ያለች፣ የሞቀች፣ ሙሉ ድምፅ ነበረች። ሂስከ ጣቷን ማንሣት ከሚገባት በላይ አቆየችው። በመስታወቱ ውስጥ የመንደሩ ፊት ሁሉ ወደ ሰገነቱ ሲዞር አየች። ከሥሯ የአባቷን የሻከረ ድምፅ «ተነሣች እኮ! ተነሣች!» ሲል ሰማች። ከዚያ መዝሙሩ እንደገና ተቀበላት፤ እንዲህ ያለ ዝማሬ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

በዌስተርዉም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይጨበጨብም። ድምፁ ሲያባራ ሰዉ እንደቆመ፣ ወደ ሰገነቱ እንዳንጋጠጠ ቀረ። የሬዲዮው ሰውዬ መሣሪያው የተበላሸበት መስሎት ሲነካካ ነበር ይባላል። በመጨረሻ ቀዩ መብራት ጠፋ።

«አሁንስ?» አለ ፎልከርት፤ አሁን በድምፁ።

«በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ቲኬት አለኝ።»

«ስንት?»

«አንድ» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ቀድጄዋለሁ በለው። ማክሰኞ እንሂድ፣ ፎልከርት። በሦስት ሰዓቱ። ሰኞን እሰጥሃለሁ፣ ለእናትህ ፊት ለፊት ትነግራታለህ።»

«ሰኞን ምን አደርገዋለሁ? እናቴ እንደሆነች እዚሁ ናት» አለና እጇን ያዘ። «ነይ።»

በወጉ ኦርጋን ተጫዋች ሰው ወጥቶ ሳያልቅ አይወርድም። ሁለቱ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው በዚያ ጠባብ ደረጃ ወረዱ፤ አራተኛውን መርገጫ አብረው ዘለሉት። ደረጃው የሚያወርደው ከኋላ አግዳሚዎች አጠገብ ነው። ሰዉ ሁሉ ፎልከርት ወደ ፊት፣ ወደ ተቀረጸው መዝጊያ ሲያመራ ለማየት መንገድ ከፈተ። እሱ ግን መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ፣ ከሃርም ጎን ተቀመጠ። ሂስከን አጠገቡ አስቀመጣት።

ሃርም ከላይ እስከ ታች አየው። «ይኼ እንጨት ይቆረቁራል፣ ጌታው።»

«እለምደዋለሁ፣ አባባ።»

ወይዘሮ ኦንከን መዝጊያዋን ከፍታ ወጣች። በመተላለፊያው መሐል፣ ዱላዋ የወለሉን ድንጋይ ቋ ቋ እያደረገ እየመታ፣ እስከ ኋላ ድረስ መጣች።

«ፎልከርት፣ ቦታህ እዚያ ነው።»

«ቦታዬ እዚህ ነው፣ እማዬ። ሰባት ዓመት ዘግይቼ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሊቱ ወደ ሂስከ ዞረች። ሂስከም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሰባት ዓመት ከልጄ ጋር ለሻይ እቀመጣለሁ» አለች ወይዘሮ ኦንከን በደረቅ ድምፅ። «አንዷን ስኒ ሳይጨርስ ማንኪያውን ይከትባታል። አንድ ቃል አይወጣውም። ቤቴ ከዚያች ቧንቧ የባሰ ድዳ ሆኗል።» ዱላዋን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «አሥር ሰዓት ላይ ሻይ አለ። ሳሎን ውስጥ። አባትሽን ይዘሽ ነይ።»

ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ሳትዞር «ማንኪያውን በፈለግሽ ጊዜ ራስሽ ትከቺዋለሽ» አለች።

«እኔ ከሦስት ስኒ በታች አልነሣም» አለ ሃርም ለራሱ የሚናገር መስሎ፤ የኋላው አግዳሚ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሂስከ አልሳቀችም። ፊቷን በፎልከርት ትከሻ ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። በቪየና ተነሥተው አጨብጭበውላት ያውቃሉ፤ የዚያን ጊዜም ልቧ እንዲህ አልሞላም። ከላይ፣ ከሰገነቱ፣ ሽማግሌው ቤረንድ በአንድ ጣቱ ሬዋን ይጫን ነበር። አሁንም አለች ወይ? አዎ፣ አለች። ደግሞ ይጫናታል። ማንም ተው አላለውም።